የአባባ ስልክ አዲስ አለቃ

ይድረስ ለእትዬ፤ ፊደል አስቆጥርሃለሁ እያልሽ ጆሮዬን ስትጠመዝዢ ላሳደግሽኝ፤

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ እንደ አሮጌ በር ታቃስቻለሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ጉልበቱ ትንሽ ለቀቀው? ትንሹ ልጅሽስ ትምህርቱን ይከታተላል ወይስ የአጎቱ ደም ስቦት መምህራኑን ያስለቅሳል? አማትሽስ ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ እንዴት ሆኑ? ምራታቸውን አጥርተው ካዩ በኋላም ይወዷታል? ሁላችሁም ደህና ሆናችሁ ይህ ወረቀት እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእኔ ሆድ ከአምናው ጨምሯል፣ ፀጉሬ በዚያው ልክ ቀንሷል፤ ስለዚህ ሚዛን ላይ ስወጣ ያው ነኝ። ባለቤቴ ደህና ናት፤ እኔን መቻል እንደ ሁለተኛ ሥራ ይዛዋለች። እኔ ሱቅ አብራኝ የምትሠራው ልጅሽ ደህና ናት፤ ስለሷ ብዙ ስለምጽፍ እዚህ አልጀምርም። አባባም ደህና ናቸው። ይህን ሁሉ ወረቀት የደረደርኩት ግን በሳቸው ምክንያት ነውና ተደላድለሽ ተቀመጪ።

ባለፈው የላክሽልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «አባባ ተቀይመውኛል፤ ስደውል እሺ እሺ ይሉና ተናግሬ ሳልጨርስ ይዘጉብኛል፤ ምን እንዳጠፋሁ እባክህ ጠይቀህ ጻፍልኝ» ብለሽ ነበር። ከሥሩም «እውነቱን ንገረኝ፣ ቀልድ አልፈልግም» ብለሽ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። እንግዲያው አልቀልድም። ይሁን፣ ትንሽ እቀልዳለሁ፤ እውነቱን ግን እነግርሻለሁ። አባባ አልተቀየሙሽም። አባባ አይሰሙሽም።

ጆሯቸው ደክሟል። ዕድሜ ልካቸውን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በልጅነታችን አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን እንኳ የሚያወሩን ከወንዝ ማዶ እንደሚጣሩ ሰው ነበር። የሚያሳፍረኝ፣ እሳቸው በቆርቆሮ ቤታቸው እኔ በስልክ ሱቄ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቶን ቀኑን ሙሉ አብረን እየዋልን አለማወቄ ነው። ለምን እንዳላወቅኩ ልንገርሽ። ሰው ፊት ለፊት ሲያናግራቸው ከንፈር ያነባሉ! ማንም ሳያስተምራቸው፣ በዚያ ሁሉ የመዶሻ ጩኸት መሐል ደንበኛ ስንት ሜትር አሸንዳ እንደሚፈልግ ከአፉ ላይ እያዩ ሲረዱ ኖረው ተክነውበታል። ስልክ ደግሞ ከንፈር የለውም።

ታዲያ ስድስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትደውዪ ምን ያደርጉ ነበር መሰለሽ? ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይለጥፉና «እሺ፣ እሺ ልጄ፣ ደግ ነው» ይላሉ፤ ከዚያ ይዘጉና ወደኛ ዞረው ወሬሽን ይነግሩናል። ከየት እንዳመጡት አትጠይቂኝ። ዝናብ በዝቶባታል አሉን፤ አመንን። በሥራዋ ላይ አሥራ አምስት ማሽን ተጨምሮላታል አሉን፤ ባለቤቴ ደስ ብሏት አጨበጨበች። ቢጫ ጃንጥላ ገዛች፣ አማቷ በጓሮ ሽንኩርት ተከሉ፣ ጎረቤቷ ጡሩምባ መንፋት ጀምሮ እንቅልፍ ነሳት፤ ሁሉንም አመንን። ባለፈው ወር ደግሞ ባለቤትሽ ብስክሌት ገዝቶ በየጠዋቱ ዳገት እየወጣ ወደ ሥራ እንደሚሄድ ነገሩን። እኔም «አቤት ጉልበት!» ብዬ አደነቅኩ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ፣ ባልሽ ጉልበቱን ከታመመ አምስት ወሩ መሆኑንና ደረጃ እንኳ ሰው ደግፎት እንደሚወጣ አነበብኩ። ታዲያ ዳገት የሚወጣው የማን እግር ነው ብዬ ቁጭ አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትደውዪ መቁረጫ መቀስ ልዋስ የመጣሁ መስዬ አጠገባቸው ቆምኩ። ድምፅሽ ከስልኩ ውስጥ እንደ ትንኝ ይሰማኛል። «አባባ፣ ይሰሙኛል?» ትያለሽ፤ «እሺ ልጄ» ይላሉ። «ምን አጠፋሁ?» ትያለሽ፤ «ደግ ነው» ይላሉ። አንቺ ገና እየተናገርሽ ዘጉትና ስልኩን በደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ መዶሻቸውን ሳያነሡ ያን ኪስ በመዳፋቸው ደባበሱት። ቀልደኛው ወንድምሽ ያን ቀን አንድም ቀልድ አልመጣለትም።

ለልጅሽ ነገርኳት። እዚህ ላይ እንግዲህ ስለ ልጅሽ ልናገር። «ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ስልክ ስትጎረጉር ቀረች» ብለሽ እንደምታዝኚ አውቃለሁ። ስልክ ጎርጓሪው እኔ ነኝ። አሮጌ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ ስገጥመው የተረፈኝን ብሎን ኪሴ እየደበቅኩ የተማርኩ ሰው ነኝ። እሷ ሌላ ናት። እኔ ስልክ ከፍቼ ሆዱን አያለሁ፤ እሷ ሳትከፍተው ሐሳቡን ታያለች። ሱቅ ውስጥ ዳኛዋ ነው የምላት፤ ያለ ማስረጃ አትናገርም፣ ያለ ፊርማ ሥራ አትጀምርም።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ሞከርን። «ላውድ ላይ ያድርጉት» አልናቸው፤ «የልጄን ጉዳይ ለሰፈር አላሰማም» አሉ። የጆሮ ማዳመጫ አቀረብንላቸው፤ «የጎረምሳ ጌጥ» ብለው ገፉት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስንላቸው በየዋህ ፊት «ማን ታመመ?» አሉን። አባባ ጆሮዬ ደክሟል እንዲሉ መጠበቅ ከቆርቆሮ ወተት እንደ መጠበቅ ሆነብን። ልጅሽ ያን ጊዜ ነው «እንግዲያው ሰውየውን እንተዋቸውና ስልኩን እናሳምነው» ያለችው።

ስልካቸውን ታስታውሺዋለሽ፤ ራስሽ የላክሽላቸው፣ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራው ነው። ሊኑክስ ብዙ ሰዎች ተባብረው የሚጽፉት፣ ውስጡን ማንም እንዲያየው ክፍት የተተወ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። እሷ እንዳስረዳችኝ ላስረዳሽ። የምትመሪውን የስፌት አዳራሽ አስቢ። ማሽኖቹ አሉ፣ ሰፊዎቹ አሉ፣ በመካከል አንቺ አለሽ። የትኛው ማሽን ምን ያህል እንደሚሮጥ፣ የትኛው ማረፍ እንዳለበት የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ካንቺ ፈቃድ ውጪ መርፌ አይንቀሳቀስም። በስልክ ውስጥም እንዲህ ያለ አለቃ አለ፤ ከርነል ይባላል። ስክሪኑ፣ ባትሪው፣ ስፒከሩ ሁሉ የሚታዘዙት ለሱ ነው። የአባባ ስልክ አለቃ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ «ጆሮ ላይ ያለው ስፒከር ከዚህ በላይ እንዳይጮህ» ተብሎ ታዝዞ ነው የመጣው። ስፒከሩ አቅም አለው፤ አለቃው ግን አይፈቅድለትም። የልጅሽ ሐሳብ ያን አለቃ አሰናብታ በሌላ መተካት ነበር።

አደጋው ቀላል አይደለም እትዬ። አለቃ ለመቀየር መጀመሪያ የስልኩን መቆለፊያ ማስከፈት ያስፈልጋል፤ ሲከፈት ደግሞ ስልኩ የያዘውን ሁሉ አጥፍቶ ባዶውን ይቀራል። የፋብሪካው ዋስትና ያበቃል። ሌባ እጅ ቢገባም እንደ ቀድሞው ራሱን አይጠብቅም። አዲሱ አለቃ ማሽኖቹን ካላወቃቸው አዳራሹ ከውስጥ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ስልክ መሆኑ ቀርቶ ወረቀት መጫኛ ይሆናል። ድምፁ ልክ ካለፈም እንደ ጥፍር የሳሳው ስፒከር ይቃጠላል፤ ይባስ ብሎ የቀረውን ጆሮ ይጎዳል። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ «ታዲያ ምን እንጠብቃለን፣ እንሞክረው!» አልኩ። ዳኛዋ በዓይኗ ብቻ ወንበሬ ላይ መልሳ አስቀመጠችኝ።

አንድ ደብተር አላት። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ስልኩ ሊሞት እንደሚችል ይነገረዋል፤ በውስጡ ካለው እንዳይጠፋበት የሚፈልገውን ተናግሮ ይፈርማል። እኔ የኑዛዜ ደብተር ነው የምለው። ለአባባ ግን ባትሪውን ልናጸዳው ነው ብለን በዘዴ እንውሰደው ብያት ነበር። «አጎቴ፣ ሰው ያልተነገረውን አደጋ መሸከም የለበትም» ብላ እንቢ አለች። ደብተሯን ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፤ ከንፈሯን በደንብ እያሳየች፣ «አባባ፣ የስልክዎን ድምፅ ላጠነክረው እፈልጋለሁ፤ ግን ስልኩ ሊሞት ይችላል፤ ይፈቅዱልኛል?» አለቻቸው። ጆሮ የሚል ቃል ሳታነሣ! እሳቸውም ትክ ብለው አይተዋት «ሞክሪ» አሉ። «በውስጡ ካለው እንዳይጠፋብዎት የሚፈልጉት ምንድን ነው?» ስትላቸው፣ «ልጄ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት» አሉ። ሃያ ስድስት ነበር። አንዱንም ሰምተውት አያውቁም፤ አንዱንም አላጠፉትም። ልጅሽ ያን ስትጽፍ እኔ ብሎን የወደቀብኝ መስዬ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ።

መልእክቶቹን ሁለት ቦታ ገለበጠቻቸው። የድሮውንም አለቃ ቅጂ፣ ድንገት ቢያስፈልግ ብላ፣ ኮምፒውተሯ ላይ አስተኛችው። መቆለፊያውንም አስከፈተች። አዲሱን ከርነል ከኢንተርኔት አውርዳ ነበር፤ የጆሮ ድምፅ ለማጉላት ሌሎች ሰዎች የሠሩት ነው። ለእያንዳንዱ የስልክ ዓይነት የተለየ ከርነል ስላለ ግን መጀመሪያ የስልኩን ትክክለኛ ዓይነት በደብተሯ መመዝገብ አለባት። የሷ ደንብ ስልኩን ራሱን መጠየቅ ነው፤ ማንነቱ በውስጡ ተጽፏል። ያን ቀን እኔ ለመርዳት ጓጉቼ፣ እሷ ሻይ ልታመጣ ወጣ ስትል፣ ስልኩን ገልብጬ ጀርባው ላይ የታተመውን ቁጥር በሚያምረው እጅ ጽሑፌ ደብተሯ ላይ ጻፍኩላት። ተመልሳ አየችው፤ አመነችው። አጎቷ ነኛ!

ገመዱን ሰካች። በኮምፒውተሯ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል እየተግተለተለ ሄዶ ጨርሻለሁ አለ። ስልኩ ሊነሣ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ጠቆረ። ጠበቅነው፤ አሁንም ጥቁር ነው። ቁልፉን ብትጫነው፣ አጥብቃ ብትጫነው፣ ወይ ፍንክች! እጇን ጀርባው ላይ አሳርፋ «አጎቴ፣ እየጋለ ነው» አለች። ባትሪና ሙቀት ሲገናኙ ጨዋታ የለም። ገመዱን ነቀለች፣ ክዳኑን በስስ ቢላ ፈልቅቃ የባትሪውን ማያያዣ አላቀቀች። እኔ በአባባ ባልዲ አሸዋ ይዤ ጀርባዋ ቆሜ ነበር፤ ግማሹ አሸዋ ግን ጫማዬ ውስጥ ገብቷል።

ሆዱ እንደተከፈተ በማጉያ መነጽር ቦርዱን አየችና ቀና አለች። «አጎቴ፣ ለዚህ ስልክ ይህን ሸሚዝ ማን ነው ያለበሰው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አምና አባባ ስልካቸውን ጥለውት ጀርባው ሲሰነጠቅ፣ ከመሳቢያዬ የሌላ ስልክ ክዳን አውጥቼ ልክክ አድርጌ ገጥሜላቸው ነበር። ሁለቱ ስልኮች በመልክ ወንድማማቾች ናቸው፤ በሆድ ግን አይተዋወቁም። ሌላ ሰው ስልኩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቢያምን አይሳሳትም፤ እኛ ጠጋኞች ግን የሟቹን ልብስ ለሕያው ስናለብስ ነው የምንውለው። ያለበስኩት እኔ፣ የረሳሁት እኔ፣ አንብቤ የጻፍኩትም እኔ። «አንተ የጻፍከውን ሳላጣራ የተቀበልኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አለች። ብትሰድበኝ መብቷ ነበር። አልሰደበችኝም፤ ያ ይበልጥ አመመኝ።

አባባ በዚያው ሰዓት ብቅ አሉ። ስልካቸው ሆዱን ሰጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርሯል። ዓይናቸው ወደ ልጅሽ ከንፈር ሄደ። «ሞቷል አባባ፤ የገደልኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው፤ የእኔን ስም አላነሣችም። እኔም ፊታቸው ቆሜ ስለ ክዳኑ ተናዘዝኩ። አባባ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተ ካለህበትማ ቢተርፍ ነበር የሚገርመኝ» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «ድምጿስ?» አሉ። «ሁለት ቦታ ተቀምጧል» አለቻቸው። «እንግዲያው ሥሪው» ብለው ወደ ቆርቆሯቸው ተመለሱ። ጣዪው አላሉም እትዬ፤ ሥሪው ነው ያሉት።

ስልኩ ከቀዘቀዘ በኋላ ባትሪውን መለሰች፤ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭና ገመዱን ሰካች። ስክሪኑ እንደጠቆረ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አንድ ስልክ ይታየኛል አለ። ለካ አለቃው ነው እንጂ ከአለቃው በፊት የሚነቃው በረኛ አልሞተም። አስተኝታው የነበረውን የድሮውን አለቃ ቅጂ በዚያ በረኛ በኩል አስገባችው። ስክሪኑ ቦግ ሲል እኔ የጮህኩት ጩኸት መንገደኛ አስቁሟል። እሷ ደብተሯን አንሥታ፣ ስልኩን ራሱን ሳይጠይቁ ሥራ መጀመር ክልክል መሆኑን በቀይ ጻፈች፤ ከሥሩ እኔን አስፈረመችኝ።

ስልኩ ድኗል፤ ግን ያው የድሮው ስልክ ነው። «እዚህ ላይ ብናቆም ማንም አይወቅሰንም» አልኳት፤ ፈርቼ ነበር። «ቅዳሜ ትደውላለቻ» አለችኝ። ቅዳሜ ደወልሽ፤ ማንም አላነሣውም። ያን ቀንና ከሱ በኋላ ባለው ቅዳሜ ደንግጠሽ እንደሆነ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ስልኩ አግዳሚው ላይ እየተንቀጠቀጠ ስምሽን ያሳያል። አባባ አዩት፤ እጃቸውን ላዩ ላይ አሳረፉና እስኪቆም ድረስ ያዙት። «አሁንስ እሺ አልላትም» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

ኩራቴ የሚመጣው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ባለው ዘጠኝ ቀን ነው። የተገኘው ድምፅ ማጉያ ከርነል በመልክ ለሚመስለው ለዚያ ሌላ ስልክ እንጂ ለአባባ ስልክ አልነበረም። ስለዚህ ልጅሽ ራሷ ልትሠራው ተቀመጠች። ፋብሪካው ለሕዝብ የለቀቀውን ጽሑፍ አወረደች፤ እኔ አንድ ገጹን አይቼ ዓይኔን አላበኝ። ጠዋት ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ያን ታነባለች፤ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ መልሳ ስትፈልገው ትውላለች። በአራተኛው ቀን የጆሮው ስፒከር የታዘዘበትን መስመር አገኘችው። አንዲት ቁጥር ናት እትዬ! ያ ሁሉ የስድስት ወር ዝምታ ከአንዲት ቁጥር ጀርባ ቆሞ ነበር።

ቁጥሯን ዝም ብሎ ማሳደግ ግን አይሆንም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚሰባሰቡበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጠየቀች። አንድ መልኩን የማናውቅ ሰው፣ ስፒከሩን የሚገፋው ኤሌክትሪክ ከበዛ ድምፁ ሳይጎላ ስፒከሩ ቀድሞ እንደሚቃጠል ነግሮ አስጠነቀቃት። እሷም ከመሳቢያዬ አሮጌ ስፒከሮች እያወጣች በየተራ ሞከረች። የመጀመሪያው ላይ «ትንሽ ጨምሪበት፣ ትንሽ ብቻ» ብዬ ወተወትኳት። ጅራቱ እንደተረገጠ ድመት ጮኾ ጸጥ አለ። «አመሰግናለሁ አጎቴ፤ ጣሪያው የት እንደሆነ አሳየኸኝ» አለችኝ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ጎልቶ፣ ጠርቶ ወጣ። ከጣሪያው ዝቅ ብላ ገደብ አበጀችለት፤ ማንም፣ አጎት ቢሆን እንኳ፣ ከዚያ በላይ ሊገፋው አይችልም። ከዚያ ስልኩን ራሱን ማንነቱን ጠይቃ አዲሱን አለቃ በአባባ ስልክ ላይ ጫነች፤ ሃያ ስድስቱንም መልእክት መለሰችበት።

የሠራችውን እዚያው ቦታ ለሁሉም በነጻ አወጣችው። አደጋውን መጀመሪያው መስመር ላይ ጻፈች፤ ክዳን የሚያለዋውጡ ጠጋኞች እንዳሉም አስጠነቀቀች፤ ስሜን ስላልጠቀሰች አመስጋኝ ነኝ። እስካሁን አርባ ሦስት ሰው ወስዶታል። አንዱ ድምፁ በዛብኝ ብሎ አማርሮ ነበር፤ መልሱን እኔ ልጻፍለት ስል እጄን ያዘችኝ። ከፋብሪካ የሚመጣው ማሻሻያ ከእንግዲህ ለአባባ ስልክ እንደማይደርስ አውቃ፣ በየወሩ ራሷ ልታድሰው ደብተሯ ላይ ቀን ቆርጣለች። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ስልክ ሠርቻለሁ፤ አንድም ቀን ግን ፋብሪካ ያዘዘውን አንብቤ «ይህ ለአባቴ አይሆንም» ብዬ አላውቅም። ልጅሽ አለች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ገባን። አባባ አሸንዳ እያጠፉ ነበር። «ይሞክሩት አባባ» ብላ የመጀመሪያውን መልእክትሽን ከፍታ ሰጠቻቸው። ጆሯቸው ላይ አደረጉት፤ እንደ ልማዳቸው እሺ ልጄ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ሳይሉት ቀሩ። በሌላው እጃቸው የያዙትን መዶሻ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርገው ጆንያ ላይ አስቀመጡት። እኔ አንድ ነገር ልናገር ስል በጣታቸው ዝም አሰኙኝ። ሃያ ስድስቱንም ቆመው ሰሙ። የሳቁበት አለ፤ «አይ ይቺ ልጅ!» እያሉ የሰሙት አለ። ባልዲ ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ፊታቸውን አይቶ ሳይጠራቸው ደጅ ቆሞ ጠበቀ።

ወደ መጨረሻው ገደማ ያለው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ። የትኛው እንደሆነ ታውቂዋለሽ። «አባባ፣ አስቀይሜዎት ከሆነ ይቆጡኝ፤ ዝም ግን አይበሉኝ» ያልሽበት ነው። ያንን ደግመው ሰሙት። ከዚያ ወደኛ ዞረው «ይህች ልጅ ታለቅሳለች! ማነው ያስቀየማት?» ብለው ጮኹብን። ልጅሽ ናት ደፍራ «እርስዎ ነዎት አባባ፤ ስድስት ወር ሙሉ እየዘጉባት» ያለቻቸው። የተጠቀለለው ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጆሮዬ እኮ እንቢ ብሎኝ ነው» አሉ። ከአፋቸው ወጣ እትዬ፤ በገዛ ከንፈራቸው!

እኔ አሁኑኑ እንደውልላት ብዬ እጄን ስዘረጋ መዳፌን መቱኝ። «በስልክ ብነግራት አታምነኝም፤ ስድስት ወር በስልክ ሳታልላት ከርሜ! በወረቀት ጻፍላት። አልተቀየምኳትም በላት። ባሏን ብስክሌት ላይ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ፤ እሱንም ይቅርታ ጠይቅልኝ» አሉ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጻፈው እጅ የእኔ ይሁን እንጂ የላኩት እሳቸው ናቸው። ሐኪም ቤትም ሰኞ እንሄዳለን። ለራሳቸው ብለው እንዳይመስልሽ፤ «ልጅቷ በእኔ የተነሣ ሌላ ዘጠኝ ቀን እንዳትደክም ብዬ ነው» ብለዋል።

ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በተለመደው ሰዓትሽ ደውዪ። የሚያነሡት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው ስልኩን ቢነካ ወዮለት። ልጅሽ አንድ አደራ አላት፤ እንዳትጮሂ። በእነዚህ ወራት እየጮኽሽ መናገር ለምደሻል፤ መጮኹን ለከርነሉ ተዪለት። አንቺ በራስሽ ድምፅ ተናገሪ፤ እሱን ነው የናፈቁት።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ጉልበቱን ይማርልን። አማትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ትንሹን ልጅሽን፣ መምህራኑን ሲያስለቅስ በልክ እንዲሆን አጎትህ መክሮሃል በዪው። ባለቤቴ ናፍቆቷ ብዙ ነው ብላለች። ልጅሽ ደግሞ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ይህን ደብዳቤ እንዳታነበው ደብቄባታለሁ፤ ብታነበው ግማሹን ያለ ማስረጃ የተጻፈ ነው ብላ ትሰርዝብኛለች።

ለአባባ ግን አንብቤላቸዋለሁ። እኔ ከሱቄ ሆኜ፣ እሳቸው ከግድግዳው ማዶ በስልካቸው እየሰሙ፣ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አነበብኩላቸው። አንድም ቃል ድገምልኝ አላሉኝም። ጨርሼ ምን ልጨምር ስላቸው፣ «ስለ ልጅቷ የጻፍከው አንሷል፤ እናቷ በደንብ እንድትኮራ አድርገህ እንደገና ጻፈው» አሉኝ። ወረቀቱ ስላለቀብኝ ቅዳሜ ራሳቸው ይነግሩሻል።

ወንድምሽ

ከስልክ ሱቃችን፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ሐሙስ የካቲት 21 ቀን